በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ስለ ጠፋው ኮምፒውተር

ይድረስ ለክቡር አቶ በኃይሉ
የንብረት አስተዳደር ክፍል ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ ለክፍልዎ ባልደረቦች፣ እንዲሁም በመጋዘንዎ በር ላይ ለተንጠለጠለው ትልቅ ቁልፍ ፍጹም ጤንነትን እመኛለሁ። ይዞዎት የነበረው የወገብ ሕመም ለቀቅ እንዳደረገዎት ሰምቼ ከልብ ተደስቻለሁ፤ ቢሮዎ በር ላይ ደጅ ስጠና በከረምኩባቸው ሳምንታት ሕመሙ ወደ እኔም ጎራ ስላለ ምን ያህል እንደሚያሰቃይ አሁን በሚገባ እረዳለሁ።

ስሜ ይልቃል ነው፤ የሰብል መረጃ ባለሙያ ነኝ። ክቡርነትዎ ይህን ስም በየቃለ ጉባኤው «ሁለት ኮምፒውተር ተረክቦ አንድ ብቻ ያቀረበ ሠራተኛ» ከሚል ማዕረግ ጋር ደጋግመው ስላነበቡት አዲስ አይሆንብዎትም። ይህን ደብዳቤም እንደ ወትሮው በመዝገብ ቤት በኩል ማስገባት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያስገባኋቸውን ውኃ ስለበላቸው፣ ይህኛው ሰው ሁሉ እያየው እንዲመጣ ወስኛለሁ። የመሥሪያ ቤታችንን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። በሶዶ ከተማ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ይህን ሲያነብ የራሱን መሥሪያ ቤት የማሰብ መብቱ የተጠበቀ ነው።

ክቡርነትዎ ቢያውቁትም፣ ለሌላው አንባቢ ስል ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የእኔ ሥራ ከየወረዳው የሚመጣውን የእንሰት በሽታ መረጃ ሰብስቦ በሽታው የት እንደ ደረሰ በካርታ ላይ ማሳየት ነው። ካርታውን የሚሠራልኝ ፕሮግራም ሊኑክስ በሚባለው ስርዓት ላይ ካልሆነ አልሠራም ይላል፤ የመሥሪያ ቤታችን የሪፖርት ቅጽና ማተሚያው ደግሞ ዊንዶውስ ካልሆነ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ኮምፒውተር እንዲሰጠኝ ለክፍልዎ አመለከትኩ። ክቡርነትዎም በመጋዘኑ ውስጥ እንኳን ሁለተኛ ኮምፒውተር የኮምፒውተር ገመድ እንኳ እንደሌለ በራስዎ እጅ ጽፈው መለሱልኝ። ይህችን መልስዎን አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ባይሆን ምን ይደረግ ብዬ ወደ ኮምፒውተር ባለሙያችን ወደ ፍሬዘር ሄድኩ። ፍሬዘርም ችግሩን ከሰማ በኋላ በዓለም ላይ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ። ያለችኝን አንዲት ኮምፒውተር ከፍቶ ሃርድ ዲስኳን ለሁለት ከፈለና በአንደኛው ክፍል ዊንዶውስን እንደነበረ ትቶ በሌላኛው ሊኑክስን ጫነልኝ። በአንድ ቤት ሁለት ክፍል ለሁለት ተከራይ እንደማከራየት ያለ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት ጥቁር ገጽ ላይ ሁለት ስም ይመጣል፤ ሰውየው በቀስቷ ቁልፍ የፈለገውን መርጦ ይጫናል። አንደኛው ሲነሳ ሌላኛው ተኝቶ ይቆያል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይነሱም፤ አካላቸው አንድ ነውና።

የዊንዶውሱ በኩል ቀድሞውንም «ሶዶ ሰባት» የሚል ስም ነበረው። ሊኑክሱ ሲጫን ደግሞ ስሜ ማን ይባል ብሎ ስለጠየቀ፣ ፍሬዘር ቀና ሲል በመስኮቱ በኩል ተራራው ታየውና «ዳሞታ» ብሎ ጻፈ። መስኮታችን የሚያየው ወደ ገበያው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በደብዳቤ የሚፈለገው የጠፋ ንብረት ስሙ ሽንኩርት ይሆን ነበር። እግዚአብሔር ከዚህ ስላወጣን አመሰግነዋለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስገባ፣ ቅሬታ ማቅረብ ከእንደ እኔ ያለ ትንሽ ሠራተኛ የማይጠበቅ ድፍረት ስለሆነ ሁሉንም በምስጋና መልክ፣ በቁጥር ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቆጠራው አመሰግናለሁ። በሰኔ ወር የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ በየዕቃው ላይ የተለጠፉት ወረቀቶች ፀሐይ ስላጠፋቸው፣ ዘንድሮ ኮምፒውተር የሚቆጠረው በገጹ ላይ በሚነበበው ስሙ ይሁን የሚል መመሪያ አወጡ። የቆጠራው ቡድን መሪ ወይዘሮ ፈጠነች ጠዋት ወደ ቢሮዬ ሲገቡ ሪፖርት እየጻፍኩ ነበርና ሶዶ ሰባትን መዝግበው አስፈረሙኝ። ከዚያ ቡድኑ ምሳ ወጣ። ሲመለስ የጠዋቱን ወረቀት የያዘው ባልደረባቸው ከምሳ ቤቱ ገና ስላልተነሳ፣ የትኛው ቢሮ እንደ ተቆጠረና የትኛው እንዳልተቆጠረ የሚያስታውስ ጠፋ፤ ለጥንቃቄ ሲባልም ከእኛ ኮሪደር እንደገና ተጀመረ። ያን ጊዜ እኔ ወደ ሊኑክሱ ተሻግሬ ካርታዬን እሠራ ነበር። ስሙን ጠየቁኝ። ዳሞታ አልኳቸው። ይህ ጠዋት የቆጠራችሁት ያው ኮምፒውተር ነው ብዬም ነገርኳቸው። ወይዘሮ ፈጠነች ግን፣ ትሕትናቸውን መቼም አልረሳውም፣ ፈገግ ብለው የጠዋቱ ፊቱ ሰማያዊ እንደ ነበረና ይህኛው ሐምራዊ እንደ ሆነ፣ እነርሱም የሚመዘግቡት የሚያዩትን እንጂ የሚነገራቸውን እንዳልሆነ አስረዱኝ። ካልፈረምኩ ቆጠራው እንደማይዘጋ፣ ስሕተት ካለም በኋላ እንደሚስተካከል ጨመሩልኝ። ያ «በኋላ» የተባለው ጊዜ እስከ ዛሬ በዚህ ኮሪደር አላለፈም። እኔ ግን የማመሰግነው በሌላ ነው፤ ስለምነው የለም የተባልኩትን ሁለተኛ ኮምፒውተር ክፍልዎ በአንዲት የምሳ ሰዓት ውስጥ አገኘልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ ክሊራንሱ። ባለቤቴ ማኅሌት ቢጠና ከተማ መምህርት ናት፤ በግንቦት ወር ሴት ልጅ ወልዳልናለች፤ ስሟ ሜላት ይባላል። በነሐሴ ደግሞ እዚያው ቢጠና በወረዳው ጽሕፈት ቤት በሙያዬ ክፍት ቦታ ተገኘና አመልክቼ ዝውውሩ ተፈቀደልኝ። የዚያን ዕለት ደስታዬን ለመግለጽ ቃል የለኝም፤ በመንገድ ያገኘሁትን የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ሳልሳፈር ሰላም ስል ነው የዋልኩት። የቀረኝ ከዚህ መሥሪያ ቤት ምንም ንብረት በእጄ እንደሌለ የሚመሰክረውን ወረቀት ማስፈረም ብቻ ነበር። ቤተ መጻሕፍቱ ፈረመ፤ ሒሳብ ክፍል ፈረመ፤ ኳሱን በእግሬ ነክቼ የማላውቀው የስፖርት ኮሚቴ ሳይቀር ፈረመ። ክቡርነትዎ ዘንድ ስደርስ ግን በስሜ ሁለት ኮምፒውተር እንዳለና አንደኛውን ካላመጣሁ ንቅንቅ እንደማልል ተነገረኝ። ስለዚህ በሥራ ላይ ባለሁባቸው ዓመታት ሁሉ ማንም ፈልጎኝ የማያውቀው ሰው፣ በአንድ ጊዜ የግድ አስፈላጊ ሠራተኛ ሆኜ እዚሁ ቀረሁ። ክብሩ ከአቅሜ በላይ ነው።

ሦስተኛ፣ ይህም በክፍልዎ የቆጠራ ስልት መሠረት እንደ ሦስተኛና እንደ አራተኛ ተደርጎ ይያዝልኝ፣ ጉዳዬን እንዲያጣራ ስለ ተቋቋመው ኮሚቴ ያለኝ አድናቆት ወሰን የለውም። ሰብሳቢው አቶ ቦልቴ ነገሩን በዓይናቸው ካላዩ እንደማያምኑ በመግለጻቸው፣ ኮምፒውተሬን ተሸክሜ ወደ ስብሰባው አዳራሽ ሄድኩ። ኮሚቴው በተሰበሰበበት ዊንዶውሱን አስነሳሁ፤ ሶዶ ሰባት መሆኑን ሁሉም አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። አጥፍቼ ሊኑክሱን አስነሳሁ፤ ዳሞታ መሆኑንም አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጉዳዩ አለቀ ብዬ ገመዱን መንቀል ስጀምር አቶ ቦልቴ አንድ ጥያቄ አነሱ። አንዱ ሲመጣ ሌላው የት ነው የሚሄደው አሉ። የትም አይሄድም፣ እዚያው ውስጥ ተኝቷል አልኳቸው። እንግዲያው ኮሚቴው የሁለቱንም መኖር ሊያረጋግጥ የሚችለው ሁለቱን በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ሲያይ ብቻ መሆኑን ገልጸው፣ ሶዶ ሰባት ሳይሄድ ዳሞታን እንዳመጣ አዘዙኝ።

ይህ የማይሆን መሆኑን በምችለው ሁሉ አስረዳሁ። አንደኛው የኮሚቴ አባል ምናልባት ቶሎ ቶሎ ባደርገው ይሆን እንደሆነ ሐሳብ አቀረቡ። ሌላኛው ተነሥተው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ዞረው አዩ። በዚህ መሐል፣ እንደሚያውቁት የከተማችን ነገር ነውና፣ መብራት ሄደ። ገጹም ጨለመ። ይህኔ ሦስተኛው አባል አሁን ሁለቱም ስላልታዩ ሁለቱም እንደ ጠፉ ተቆጥረው ቃለ ጉባኤው እንዲስተካከል ሐሳብ አቀረቡ፤ ሐሳቡ ድጋፍ አግኝቶ ሊጸድቅ ሲል መብራት መጣና ከአንድ ተጨማሪ ኮምፒውተር ዕዳ ለጥቂት ዳንኩ። በመጨረሻ የተጻፈው ቃል ከዚህ በታች እንዳለ ነው፦ «ሠራተኛው አንዱን ንብረት ሲያቀርብ ሌላውን የሚሰውር ሆኖ ስለ ተገኘ ክትትሉ እንዲጠናከር።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነበው ከመቆጣቴ በፊት ቁመቴ በትንሹ የጨመረ መሰለኝ፤ በዕድሜዬ ማንም አስማተኛ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አምስተኛ፣ በፍሬዘር ላይ ስለ ተደረገው ርኅራኄ አመሰግናለሁ። ፍሬዘር ሁለቱን ስርዓቶች ለምን በአንድ ጊዜ ማየት እንደማይቻል ለማስረዳት በሰሌዳው ላይ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሥሎ አሳያቸው። ኮሚቴው ሥዕሉን በጥሞና ከተመለከተ በኋላ የንብረት ቁጥሩ የተለጠፈው በየትኛው ክፍል ግድግዳ ላይ እንደሆነ ጠየቀ። ፍሬዘርም ምርር ብሎት፣ የሚሻል ከሆነ ዳሞታን ከኮምፒውተሩ አጥፍቶ ነገሩን እንደ ድሮው ሊያደርገው እንደሚችል ተናገረ። በማግሥቱ ሁለት ደብዳቤ ደረሰው። አንደኛው የመንግሥትን ንብረት ሆን ብሎ ለማጥፋት መዛቱን ይገልጻል። ሁለተኛው ደግሞ ዳሞታ የተባለውን ኮምፒውተር ያለ ጨረታና ያለ ግዥ ሂደት ወደ መሥሪያ ቤቱ ያስገባው በማን ፈቃድ እንደሆነ ይጠይቃል። ይኸውልዎ፣ ዳሞታ ከጠፋ እኔ እጠየቃለሁ፤ ዳሞታ ካለ ፍሬዘር ይጠየቃል። ሁለታችንም ተራራውን በመስኮት ማየት ካቆምን ሰንብተናል፤ ፍሬዘር እንዲያውም ወንበሩን አዙሯል።

ስድስተኛ፣ ስለ ጥበቃው። ክትትሉ ይጠናከር በተባለው መሠረት የበሩ ጥበቃ ስወጣ ስገባ ቦርሳዬን ይፈትሻል። ሰውየው የተከበረ ሰው ነው፤ የጠረጴዛ ኮምፒውተር በምሳ ዕቃ ውስጥ ተደብቆ እንደማይወጣ ከእኔ ይልቅ እርሱ ያውቃል። ቢሆንም ታዟልና ክዳኑን ከፍቶ ቆጮዬንና የዳታ በርበሬዬን ያያል፤ ምን ላድርግ ጋሼ፣ እንጀራዬ ነው ይለኛል፤ እኔም ግድ የለም እለዋለሁ። ሁለታችንም በየቀኑ በዚያች ደቂቃ እናፍራለን። የማፈሩን ሥራ ለእኛ ለበታቾቹ ስላከፋፈሉን አመሰግናለሁ።

ሰባተኛው ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ ትንሽ ይቀንስብኛል፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ልጄን የማያት እሁድ እሁድ ነው። ጠዋት ከመናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ቢጠና እገባለሁ። ስደርስ ሜላት ታለቅሳለች፤ አታውቀኝም። በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና በአንድ ዓይኗ እየሰረቀች ታየኛለች። ከሰዓት በኋላ ትለምደኝና ጣቴን ትይዛለች፤ ጣቴን ስትይዝ የመጨረሻው መኪና ሊወጣ ይሆናል። በሚቀጥለው እሁድ እንደገና ከለቅሶው እንጀምራለን። ኮምፒውተር እንኳ ሲነሳ የትናንቱን ያስታውሳል፤ የእኔ ልጅ ግን በእኔ ጉዳይ ሁልጊዜ አዲስ ናት። ይህ ያናድደኛል፤ ከመናደድም አልፎ አንጀቴን ይበላኛል፤ ማኅሌት ፊት እንዳልታይ ውኃ ልቅዳ ብዬ ወደ ጓሮ የወጣሁበት እሁድ አለ።

ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ የማኅሌት ዘመዶች ሁሉ ተሰብስበው የበዓሉ ምግብ ሙቹዋ ቀርቦ ሲበላ፣ አንድ አጎቷ ክንዴን ይዘው ለብቻዬ ወደ ውጭ ወሰዱኝ። ደግ አዛውንት ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ፣ ሰው ነህና ትሳሳታለህ፤ ያንን ዕቃ መልሰውና ተገላገል አሉኝ። ማስረዳት ጀመርኩ። ሃርድ ዲስኩን፣ ጥቁሩን ገጽ፣ ቀስቷን ቁልፍ አስረዳሁ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ይገባኛል፣ ብቻ መልሰው አሉኝ። ስሜ ከእኔ ቀድሞ ቢጠና መዛወሩን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ቢጠና ያለው ጽሕፈት ቤት በበኩሉ እስከዚህ ወር መጨረሻ ሥራዬን ካልጀመርኩ ቦታውን ለተጠባባቂው እንደሚሰጥ በደብዳቤ አሳውቆኛል። እንደዚህ ያለ ቦታ እዚያ ከተማ መቼ እንደገና እንደሚከፈት ክቡርነትዎም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ማኅሌት ይህን ስነግራት፣ የጠፋው ኮምፒውተር በዚህ ወር ውስጥ ካልተገኘ አንተን በምን አስፈርሜ ልውሰድህ አለችኝ።

ስምንተኛና የመጨረሻው ስለ ክቡርነትዎ የግል ምክር ነው። ባለፈው ሳምንት በደረጃው ላይ ሲያገኙኝ፣ ሁልጊዜ በሚያሳዩት አባታዊ ፍቅር ጠጋ ብለው፣ ለምን ነገሩን ታከርረዋለህ፣ አንድ ባዶ ቀፎ ፈልገህ አታመጣም፣ ቅርጹ ኮምፒውተር ይሁን እንጂ ውስጡን ማን ከፍቶ ያየዋል ብለውኝ ነበር። ምክርዎን ንቄ አልተውኩትም። ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳሉት ጠጋኞች ሄጄ አንድ ቀፎ አየሁ። ውስጡ ሸረሪት ካደራችው ድር በቀር ምንም የለም። ዳሞታ የሚል ወረቀት ለጥፌበት ባቀርበው ኮሚቴው በመጨረሻ ሁለቱን ጎን ለጎን ስለሚያይ በደስታ እንደሚፈርምልኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ልጄ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ፤ እጄም ቀፎውን አንሥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን በእኔ ቦታ የምትተካው ሳምራ ትዝ አለችኝ። ያ ቀፎ በእርሷ ስም ይመዘገባል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ቀን እርሷም ወደ እናቷ ወይም ወደ ባሏ ከተማ ልዛወር ስትል፣ ውስጡን የት አደረግሽው ትባላለች። ዛሬ እውነቱን ስናገር አስማተኛ የተባልኩት ሰው፣ ያን ጊዜ ውሸቱን ትቼላት የሄድኩ ሌባ እሆናለሁ፤ ያውም የእውነት። ስለዚህ ቀፎውን መልሼ አስቀመጥኩት። ጠጋኙ ለምን እንደተውኩት ሲጠይቀኝ የመሥሪያ ቤታችን አሠራር ነው ብዬ መለስኩለት፤ ራሱን ነቀነቀ፣ እርሱም ክሊራንስ አስፈርሞ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ታዲያ ችግሩን ብቻ አቅርቦ መሄድ የጨዋ ሥራ ስላልሆነ፣ መፍትሔም ይዤ መጥቻለሁ። ኮምፒውተሩ ሁለት የሆነው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ስለ ተቆጠረ ነው፤ እንግዲያው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ይመለስ። ሰኞ ጠዋት ዊንዶውሱን አስነሥቼ ሶዶ ሰባትን ለወይዘሮ ፈጠነች አስረክባለሁ፤ ገጹ ሰማያዊ መሆኑን አይተው ይፈርሙልኛል። ከዚያ ቡድኑ እንደ ልማዱ ምሳውን ይውጣ። ምሳ ቤቱን እንዳይለውጡ፣ ወረቀቱን የሚይዘው ባልደረባም ያው እንዲሆንና እንዳይቸኩል አደራ እላለሁ፤ አሠራሩ ከሰኔው ጋር ልክ ለልክ መግጠም አለበት። ከሰዓት በኋላ ሊኑክሱን አስነሥቼ ዳሞታን አስረክባለሁ፤ ገጹ ሐምራዊ መሆኑን አይተው እንደገና ይፈርሙልኛል። የምታዩትን እንጂ የሚነገራችሁን አትመዘግቡምና፣ እኔም ያን ዕለት አንድም ቃል አልተነፍስም። ሁለት ፊርማ፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ክሊራንስ። ሠራተኛው ሁሉ፣ ወሬውን የሰማ የሶዶ ነዋሪም ቢሆን፣ መጥቶ እንዲታዘብ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ ጋብዣለሁ። አቶ ቦልቴ ቢመጡ ከፊት ወንበር ተይዞላቸዋል፤ ከጀርባ ማየት ለሚሹት አባልም ጠረጴዛውን ከግድግዳው ፈቀቅ አደርገዋለሁ።

የክቡርነትዎ ጊዜ ውድ መሆኑን እያወቅኩ ይህን ያህል ስላስነበብኩዎት፣ በአንድ ማዘዣ መስመር ሊያልቅ የሚችለውን ጉዳይ በኮሚቴ ደረጃ ከፍ አድርገው ስላከበሩልኝ፣ ለማንም ጉዳት ሳያስቡ ሰው ከቤተሰቡ የሚለይበትን መንገድ በመመሪያ ስላበጁልን፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣ ባይኖረኝም እንዳወለቅኩ ሆኜ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። መጋዘንዎ ይሙላ፤ ቁልፍዎ አይዝግ፤ በስምዎ የተመዘገበው ሁሉ በቁጥሩ ልክ ይገኝልዎ።

ታዛዥዎና ተፈላጊው ሠራተኛ፣
ይልቃል
የሰብል መረጃ ባለሙያ፣ የሶዶ ሰባት ተረካቢ፣ የዳሞታ ሰዋሪ

ግልባጭ፦
ለኮሚቴው ሰብሳቢ ለአቶ ቦልቴ
ለወይዘሮ ፈጠነች
ለፍሬዘር፣ ለማጽናኛ
ቢጠና ለሚገኙት ለባለቤቴ አጎት፣ እንዳልሰረቅኩ ይታወቅልኝ ዘንድ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ክቡር ሆይ፣ ባለፈው ረቡዕ ኮሚቴው እንደገና ጠርቶኝ ኮምፒውተሩን እያጠፋሁና እያስነሳሁ ሳሳይ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ ነበር፤ በስብሰባ መሐል ስልክ ማንሣት ክልክል ስለሆነ አላነሣሁትም። ስወጣ ሳየው ማኅሌት ናት። ሜላት ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይደግፋት ተቀምጣ፣ እናቷ በቪዲዮ ልታሳየኝ ስትደውል ነበር። ዳሞታ ባይገኝ እንኳ የሚመለከተው ኮሚቴ ዋጋውን ገምቶ ከደመወዜ እንደሚቆርጥ ነግረውኛል፤ እሺ ብያለሁ። ያችን ረቡዕ ግን ለእኔ ማን ገምቶ፣ ከማን ላይ ቆርጦ እንደሚመልስልኝ መመሪያውን አገላብጬ አጣሁት። እርስዎ ካወቁ ይጻፉልኝ።